«ሰኞ እጀምራለሁ» ለምትሉ ልጆቼ

ከ30 ዓመት በላይ በፊዚዮቴራፒ ሙያ ስሠራ፣ ወገባቸውን፣ አንገታቸውን ወይም ጉልበታቸውን እያመማቸው የመጡትን ሰዎች ሁሉ «ስፖርት ትሠራላችሁ?» ብዬ ሳልጠይቅ አሳልፌ አላውቅም። «ጊዜ የለኝም» የሚለውን መልስ የሰማሁት ስንት ጊዜ እንደሆነ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ዛሬ ጡረታ ወጥቼ ለእናንተ ለመጻፍ የተነሣሁት መልሱ ውሸት ነው ለማለት አይደለም። ነገር ግን ረጋ ብዬ ሳጫውታቸው፣ ብዙዎቹ በዚህ አጭር መልስ ሥር አንድ ሌላ ምክንያት ሸሽገው ነበር፤ እኔም ራሴ ሸሽጌ አውቃለሁ።

የ34 ዓመት ጎልማሳ ሳለሁ፣ በአንድ መስከረም የመጀመሪያ ሳምንት አዲስ ቱታና ጫማ ገዝቼ ከንጋቱ 12 ሰዓት መስቀል አደባባይ ተገኘሁ። ዓመቱን ሙሉ ሲሮጡ ከከረሙ ወጣቶች ጋር እኩል ደረጃውን ስወጣና ስወርድ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆየሁ። በማግስቱ ጭኔ ተሳሰረ፤ በሦስተኛው ቀን ግድግዳ ሳልደገፍ ከቢሮዬ ደረጃ መውረድ አቃተኝ። ያልለመደ ጡንቻ በድንገት ሲጫኑት ሕመሙ የሚበረታው ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መሆኑን ለታካሚዎቼ በየቀኑ የማስረዳ ሰው ነበርኩ። ቱታውን እስከ ጥር አልነካሁትም። ባልደረቦቼ «ተውከው እንዴ?» ሲሉኝ የመለስኩት ምን መሰላችሁ? «ሥራ በዛብኝ፣ ጊዜ አጣሁ» ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምመክራችሁ አጀማመራችሁን እንድታሳንሱት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ ጉልበት የሚጠይቅ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል፤ ዝቅተኛው በቀን ሲካፈል 22 ደቂቃ እንኳ በቅጡ አይሞላም። መካከለኛ የሚባለው እየሄዳችሁ ማውራት የምትችሉበት፣ ዘፈን ማዜም ግን የሚያቅታችሁ ፍጥነት ነው። ከዚያ በፊት የነበረው መመሪያ እንቅስቃሴው በአንድ ጊዜ ከ10 ደቂቃ ካነሰ አይቆጠርም ይል ነበር፤ አዲሱ ግን ይህን ገደብ አንሥቶታል። እኔ ይህን ለውጥ እንደ ትልቅ የምሥራች ነው የቆጠርኩት፤ ምክንያቱም ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የምትኖር ልጅ ዳቦ ለመግዛት ወርዳ ስትመለስ የወጣችው ደረጃ በሒሳቡ ይገባል ማለት ነው።

ደረጃን የማነሣው በምክንያት ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. ጄሬሚ ሞሪስ የተባለ ብሪታንያዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የለንደንን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሾፌሮችና ትኬት ቆራጮች አነጻጽሮ ነበር። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ከሚነዱት ይልቅ ደረጃውን ሲወጡና ሲወርዱ በሚውሉት ቆራጮች ላይ የልብ ሕመም በግልጽ አንሶ ተገኘ። ሾፌሮቹ ከመጀመሪያውም ወፍራም ስለነበሩ ይሆን? የሚል ጥያቄ ሲነሣ፣ ሞሪስ የደንብ ልብሳቸውን የወገብ ልክ ሳይቀር መረመረ፤ በእርግጥም የሾፌሮቹ ወገብ ሰፋ ያለ ነበር፣ ልዩነቱን ግን ውፍረት ብቻውን አላስረዳውም። እነዚያ ቆራጮች ስፖርት እንሠራለን ብለው አያውቁም፤ እንጀራቸው ነው ያንቀሳቀሳቸው። እናንተም ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድማችሁ ብትወርዱ ከቀኑ የምትቀንሱት ጊዜ ጥቂት ነው፤ የምሽቱ ሰልፍ ረዝሞ ቆማችሁ ከምትጠብቁ፣ በእግር እስከ ቀጣዩ ፌርማታ መሄድ አንዳንዴ ጊዜ ያተርፋል።

ሌላው ሰኞን መጠበቅ ነው። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ 96 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት አንድ አዲስ ልማድ ሳያስቡት የሚሠራ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ፈጅቷል፤ አንዱ በ18 ቀን ሲለምድ ሌላው 254 ቀን ድረስ ያስፈልገዋል ተብሎ ተገምቷል። ከዚህ ጥናት እኔን የጠቀመኝ ሌላ ነጥብ ነው፦ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላፈረሰም። ረቡዕን የዘለለ ሰው ሐሙስ መቀጠል ሲችል «ተበላሸ፣ ሰኞ እንደገና እጀምራለሁ» ብሎ አራት ቀን ይጥላል።

ይሉኝታን ቀለል አድርጌ አላየውም፤ በተለይ ለሴቶች ልጆቼ። ጎረቤት «ምን አሯሯጣት?» ይላል፤ መንገድ ላይ ደግሞ ለከፋ አለ። ለከፋው የለካፊው ነውር መሆኑንና መንገዱም የእናንተ መሆኑን አምናለሁ፤ ይህን ማመኔ ግን ነገ ጠዋት ብቻዋን ለምትወጣ ልጅ ምንም አይፈይድላትም። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ውጡ፣ ጎህ ሳይቀድ አትውጡ፤ ይህም ካልሆነ ገመድ ዝላይና በግድግዳ ላይ የሚሠራ ፑሽ አፕ ከአንድ ክፍል በላይ አይጠይቁም። ለጂም የሚከፍለው ገንዘብ የሌለው ሰውም በዚህ መጀመር ይችላል።

«ላብ ላይ እያለሁ ብርድ ይመታኛል» የሚለውን ስጋት ከእናቴም ከታካሚዎቼም ሰምቼዋለሁ። ጉንፋን የሚይዘን በቫይረስ ነው፤ ሆኖም ላብ ሲደርቅ የሰውነት ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ በአዲስ አበባ ጠዋት መንቀጥቀጥ ያመጣል። መፍትሔው ደረቅ ካናቴራ ይዞ ወጥቶ ወዲያው መቀየር ነው። በጾም ወራት ደግሞ ከባዱን ሥራ ትታችሁ እህል ከምትቀምሱበት ሰዓት ትንሽ ቀደም ብላችሁ በዝግታ ተራመዱ፤ ረመዳን የምትጾሙም እንዲሁ ከኢፍጣር በፊት ወይም ምግቡ ረጋ ካለ በኋላ ማድረግ ትችላላችሁ። ስትንቀሳቀሱ ደረታችሁን የሚወጋችሁ ወይም ራሳችሁን የምትስቱ ከሆነ ግን ምክሬን ተዉትና መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ባለፈው ክረምት ዝናቡ ሳያባራ ቆይቶ እኔ ራሴ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከቤት አልወጣሁም። በነሐሴ አጋማሽ አንድ ከሰዓት ሲያባራ፣ ጃንጥላዬን ይዤ እስከ ሰፈራችን ዳቦ ቤት ሄጄ ተመለስኩ። ደርሶ መልሱ 12 ደቂቃ ነበር፤ በማግስቱም ያንኑ መንገድ ደገምኩት።