«ዎከር» ማለት መንገደኛ ነው? ለጠየቅሽን እህት

እህቴ፣ የባለቤትሽ የቤተሰብ ስም «ዎከር» ትርጉሙ «መንገደኛ» ነው ወይ፣ በዚህ ስም የሚሸጠውን የቤተሰብ ዓርማስ ልግዛ ወይ ብለሻል። የእኔም ባለቤት ዎከር ነው። የስሙን ሥር ስከታተል ዓመታት ስላለፉ የደረስኩበትን ልንገርሽ።

ስሙ ከእግር ጋር ይገናኛል፤ ከመንገድ ጋር ግን አይደለም። ድሮ እንግሊዝ አገር የሱፍ ጨርቅ ከሸማኔ እንደወጣ አይለበስም። ውሃና የቆየ ሽንት ያለበት ገንዳ ውስጥ ይነከርና ሰዎች በእግራቸው ሲረግጡት ይውላሉ። ቅባቱ ይለቃል፣ ጨርቁ ይጠብቃል፣ ይወፍራል። «ዎከር» ያ ረጋጭ ነው። ከ12ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በውሃ ኃይል የሚሠራ መዶሻ ሥራውን ወሰደበት፤ ስሙ ግን ከልጅ ልጆቹ ጋር ቀረ።

እኔን የሚያስደንቀኝ ሌላ ነው። ይኸው ባለሙያ በደቡብ ምሥራቅ «ፉለር»፣ በደቡብ ምዕራብ እነ ዴቨን አካባቢ «ታከር»፣ በሰሜን ደግሞ «ዎከር» ነበር የሚባለው። ስለዚህ ስሙ የአያቶችን አገርም ይጠቁማል። ኤክሰተር ከተማ ያለው የ1471ዱ የሙያተኞቹ አዳራሽ ዛሬም «ታከርስ ሆል» ይባላል።

ጨርቅ በሚሠራበት መንደር ሁሉ ረጋጭ ስለነበረ ዎከሮች ሁሉ ዘመዳሞች አይደሉም። ዓርማውን አትግዢ። እኔ ገዝቼ፣ በፍሬም አሠርቼ ሳሎን ሰቅዬው ነበር። በኋላ ስረዳ ዓርማ የሚሰጠው ለአንድ ሰውና ለዘሮቹ ነው እንጂ ለስም አይደለም። ገንዘቤም አንጀቴም ተቃጠለ።

በዚያ ገንዘብ የባለቤትሽን አያቶች የልደት ምስክር ወረቀት አውጪ። እንግሊዝ አገር የመንግሥት የልደት ምዝገባ የተጀመረው ሐምሌ 1837 ነው (ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። የ1851ዱ የሕዝብ ቆጠራ ሰው የተወለደበትን ሰበካ ስለሚነግርሽ ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ትሻገሪያለሽ። ይህ መዝገብ የታዘዘው በ1538 ነው፤ ብዙ ቦታ ግን የመጀመሪያዎቹ ቅጾች ጠፍተዋል። እኛ በዚህ መንገድ ሰሜን እንግሊዝ፣ ሀደርስፊልድ ከተማ አጠገብ ያለ መንደር ደርሰናል።

አንድ ነገር አደራ። «ጆን ዎከር» የሚባል ሰው በየመንደሩ ስላለ የሚለየው በሚስቱ የአባት ቤት ስም ነው። አማትሽን ዛሬውኑ ስለ አያቶቻቸው ጠይቂ። እኔ ነገ ዛሬ ስል አማቴ አረፉ፤ እሳቸው በቃላቸው የሚያውቁትን አንዲት የሴት አያት ስም ለማግኘት ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።