ብሬከሩ ጥፋት የለበትም

እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንዲት እናት እንዲህ ሲሉ ጠይቀውኛል፦ «የኤሌክትሪክ ምጣዴ ሽቦ ተበጥሶ አስጠገንኩት። ጠጋኙ የተቃጠለውን ቆርጦ ጣለና ቀሪውን ስቦ ቀጠለልኝ። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ሰዓት ያህል እንደጋገርኩ ባለ 16 አምፔሩ ብሬከር ይወርዳል፤ ሶኬቱም እጅ አያስነካም። ጠጋኙን ብጠይቀው ‹በ32 ቀይሪው› አለኝ። የወንድሜ ልጅ ሲለካው ምጣዱ ሳይበራ 224 ቮልት፣ ሲበራ ደግሞ 212 ቮልትና 18.5 አምፔር አገኘ። ምጣዱ ላይ 220 ቮልት፣ 3500 ዋት ይላል። ልቀይረው?»

አይቀይሩት፣ እትዬ። የወንድምዎ ልጅ ግን ይባረክ፤ ለክቶ የሚጠይቅ ሰው ብዙ አይገጥመኝም።

ቮልቱን ለአምፔሩ ሲያካፍሉት ሬዚስታንሱን፣ ማለትም ሽቦው ኤሌክትሪኩን የሚያግድበትን በኦም የሚለካ ልክ ያገኛሉ፤ ሁለቱን ሲያባዟቸው ደግሞ ዋቱን። ስለዚህ 212 ለ18.5 ሲካፈል 11.5 ኦም ገደማ ነው፤ ሲባዛ 3922 ዋት። አሁን ምጣዱ ፋብሪካው እንደሠራው ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር እንይ። 3500 ዋት ለ220 ቮልት ሲካፈል 15.9 አምፔር ይሆናል፤ 220 ለ15.9 ሲካፈል ደግሞ 13.8 ኦም። ከ13.8 ወደ 11.5 ወርዷል ማለት ከሽቦው ስድስት እጅ አንዱ ያህል የለም ማለት ነው። ጠጋኙ ቆርጦ የጣለው እሱ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሽቦ ሲያጥር ሙቀቱም የሚቀንስ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ባጠረ ቁጥር የሚያግደው ያንሳል፣ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ይበዛል። ይባስ ብሎ የጨመረውን ሙቀት የሚሸከመው ያነሰ ሽቦ ነው። በአንድ ዓይነት ቮልቴጅ ብናነጻጽረው የምጣዱ ጠቅላላ ዋት በ20 በመቶ ሲጨምር፣ እያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ሽቦ የሚያወጣው ሙቀት በ45 በመቶ ገደማ ይጨምራል። እንጀራው አንዱ ወገን ሳይበስል ሌላው የሚያር ከሆነ ምክንያቱ ምናልባት ይኸው ነው፤ ሽቦው ሲሳብ ጥምጥሙ አንድ ቦታ ሳስቶ ሌላ ቦታ ጠብቆ ይቀራል። እንዲህ ያለ ሽቦ ደግሞ ብዙ ሳይቆይ በሌላ በኩል ይበጠሳል።

ብሬከሩ ወዲያው ሳይሆን ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚወርደውም ሥራውን ስለሚያውቅ ነው። ሽቦ ከሽቦ ቢነካካ በቅጽበት ይወርድ ነበር። ጭነቱ ከልኩ ትንሽ ብቻ ሲያልፍ ግን ውስጡ ያለው ብረት ቀስ በቀስ ሞቆ እስኪታጠፍ ይታገሣል። 15.9 አምፔር ሲያልፍበት ዝም ብሎ የኖረው ብሬከር 18.5 ሲሆንበት ይቆጣል። በ32 ቢቀይሩት 35 አምፔር ቢያልፍበት እንኳ አንድ ሰዓት ዝም ሊል ይችላል። ለሶኬት አብዛኛውን ጊዜ የሚዘረጋው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ግን ግድግዳ ውስጥ ሆኖ ያንን አይችለውም። ብሬከር የሚጠብቀው ምጣዱን ሳይሆን በግድግዳው ውስጥ የማይታየውን ሽቦ ነው።

የሶኬቱ ነገር ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። ምጣዱ ሲበራ ቮልቴጁ ከ224 ወደ 212 ወርዷል፤ 12 ቮልት መንገድ ላይ ቀረ። 12 በ18.5 ሲባዛ 222 ዋት ነው፤ ይህ ሁሉ ምጣዱ ጋ ሳይደርስ ሽቦና መጋጠሚያ ያሞቃል። በረጅም ሽቦ ላይ ተበታትኖ ከሆነ ብዙም አይጎዳም፤ አንድ ነጥብ ላይ ከተጠራቀመ ግን ያቀልጣል። ሶኬት ውስጥ የላላ ብሎን ወይም የጠቆረ መያዣ አንድ አሥረኛ ኦም ብቻ ቢይዝ 34 ዋት እዚያች ቦታ ላይ ይነድዳል። እኔ እርሳስ አቅልጬ ሽቦ የምበይድበት መሣሪያ 40 ዋት ነው፤ የሶኬቱ ፕላስቲክ ለምን እንደሚቀልጥ ከዚህ ይረዱታል።

ቮልቴጁ የት እንደሚቀር ለማወቅ ምጣዱ በርቶ ሳለ ባለሙያ ቆጣሪው ጋና ሶኬቱ ጋ ይለካልዎት። ቆጣሪው ጋም 213 ወይም 214 ከሆነ ችግሩ ከቤትዎ ውጪ ነው። ቆጣሪው ጋ 222 ሆኖ ሶኬቱ ጋ 212 ከሆነ ግን እቤትዎ ውስጥ ነው፤ ለባከነውም የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት። የወንድምዎን ልጅ አንድ ነገር አደራ ይበሉልኝ፦ አምፔር የሚለካው በክላምፕ ሜትር አንዱን ሽቦ ብቻ ለይቶ በማቀፍ ነው። መደበኛውን ሙልቲሜትር አምፔር ላይ አድርጎ ሁለቱን ዘንጎች ሶኬት ውስጥ የከተተ ሰው አውቃለሁ፤ ቅንድቡ እስኪበቅል ወራት ፈጀበት።

እንግዲህ ለ3500 ዋት የተሠራ አዲስ ሙሉ ሽቦ ያስገጥሙ እንጂ ቅጥያ አያስቀጥሉ። ሶኬቱንና መሰኪያውን ይጣሉ፤ የጠቆረ መያዣ በአሸዋ ወረቀት ቢታሽም ልቡ አይመለስም። ለሽያጭ የሚጋግሩ ስለሆነ አቅም ካለዎት ከብሬከሩ ሳጥን ለምጣዱ ብቻ የሚሄድ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር መስመር በ20 አምፔር ብሬከር ያስዘርጉ። አረንጓዴ ቢጫው የመሬት ሽቦም ከምጣዱ ብረት አካል ጋር መታሰሩን ቆመው ያረጋግጡ፤ እርጥብ እጅና ሊጥ ባለበት ቤት ይህ አይታለፍም።

አዲሱ ሽቦ ከተገጠመ በኋላ ምጣዱ ሳይሰካና ቀዝቅዞ ሳለ በመሰኪያው ሁለት እግሮች መካከል ሬዚስታንሱን ያስለኩ። ይህን ውስጡ ሽቦ በሚግልበት በአሮጌው ዓይነት አምፖል ቢያደርጉት ያሳስትዎታል፤ የአምፖል ሽቦ ሲበርድ ሬዚስታንሱ ሲሞቅ ከሚኖረው አሥር እጅ በላይ ያነሰ ነው። የምጣድ ሽቦ ግን ሲበርድም ሲግልም ብዙ አይለያይም። 13 ወይም 14 ኦም ካሳየ ይሰኩትና ይጋግሩ። እንደገና 11 ካሳየ ግን ምጣዱን አያብሩት፤ ሽቦውን ለገጠመልዎት ሰው ይመልሱለት።