ቦይኮት «ይጣላል» ወይስ «ይደረጋል»?

ጥያቄ፦ «ፓርቲዎቹ በምርጫው ላይ ቦይኮት ጣሉ» ሲባል ሰማሁ። ቦይኮት የሰው ስም ነው የሚሉም አሉ። እውነት ነው? ማዕቀብ ብንለውስ?

መልስ፦ እውነት ነው፤ የቤተሰብ ስም ነው። ብዙዎች አድማውን የጠራው ሰው ስም ይመስላቸዋል እንጂ ቦይኮት አድማ የተመታበት ሰው ነበር። ካፒቴን ቻርልስ ከኒንግሃም ቦይኮት በምዕራብ አየርላንድ፣ ሜዮ ውስጥ፣ የሎርድ ኧርንን መሬት የሚያስተዳድር እንግሊዛዊ ነው። በ1880 (እ.ኤ.አ.) ጭሰኞቹ ኪራይ 25 በመቶ እንዲቀነስላቸው ጠየቁ፤ የተፈቀደላቸው 10 በመቶ ነበር። ቦይኮት የማፈናቀያ ወረቀት ማስበተን ሲጀምር አገሬው ፊቱን አዞረበት፦ ሠራተኞቹ ጥለውት ሄዱ፣ ሱቆች አንሸጥልህም አሉት። አዝመራውን የሰበሰቡለት ከሌላ አውራጃ የመጡ 50 ሰዎች ናቸው፤ ጠባቂዎቻቸው ግን ወታደርና ፖሊስ ተደምረው ወደ 1,000 ይጠጉ ነበር። 500 ፓውንድ ለሚያወጣ ሰብል የወጣው ወጪ 10,000 ፓውንድ ያህል ተገምቷል።

ስሙን ግሥ ያደረጉት አባ ጆን ኦማሊ የተባሉ የአካባቢው ቄስ ናቸው ይላል አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ጄምስ ሬድፓዝ፤ የተለመደው የእንግሊዝኛ ቃል «ኦስትራሳይዝ» (ማግለል) ለገበሬው ይከብዳል ብለው ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የለንደን ጋዜጦች ቃሉን ይጽፉት ነበር። (ቤተሰቡ እስከ 1841 ድረስ ስሙን «ቦይካት» ብሎ ነበር የሚጽፈው፤ ባይቀይረው ኖሮ እኛም ቦይካት እንል ነበር።)

ወደ አማርኛው ስንመጣ፣ «ቦይኮት ጣሉ» ስሕተት ነው። «መጣል» የመጣው ከ«ማዕቀብ መጣል» ነው። ማዕቀብ ከግእዙ ዐቀበ፣ ማለትም ጠበቀ፣ የወጣ ሲሆን መንግሥት ወይም የመንግሥታት ማኅበር በሥልጣኑ የሚያጸናው ክልከላ ነው። ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ስትወር የመንግሥታቱ ማኅበር በ1935 (እ.ኤ.አ.) ኅዳር ላይ የጣለባት ማዕቀብ ይባላል፤ ሸማቾች ተነጋግረው የአንድ ነጋዴን ዕቃ አንገዛም ቢሉ ግን ማዕቀብ አይደለም፤ የሚጥሉበት ሥልጣን የላቸውምና።

ከኢጣሊያንኛ የመጣው «ፊርማ» «ፈረመ» የሚል ግሥ ወልዷል። ቦይኮት ግን እስካሁን ግሥ አልወለደም፤ «አደረገ»ን ይዞ ነው የሚሄድ፤ ተሳቢውም «ን» ይወስዳል፦ «ምርጫውን ቦይኮት አደረጉ»። «በምርጫው ላይ» አያስፈልግም። የውጭ ቃል ካልፈለጉ ለገበያ «የግዢ አድማ መቱ»፣ ለምርጫ «ራሳቸውን ከምርጫው አገለሉ» ይበሉ። ለምርጫ እኔ የመጨረሻውን እመርጣለሁ፤ «አልተሳተፉም» ብቻ ከተባለ ግን በተቃውሞ ይሁን በዝግጅት ማነስ አይለይም።