አሥራ ስድስት ኮር ገዝቼ በአራት ኮር የተበለጥኩበት ጥር

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አንብቤ በስልክ መመለስ ጀምሬ ነበር፤ ስለረዘመብኝ ዛሬ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ እየጻፍኩ ነው። ከታች ለሚያነቡት እንዲመች ጥያቄውን ባጭሩ ልድገመው። ጎንደር፣ አዘዞ ላይ የሰርግና የልደት ቪዲዮ የሚቀናበርበት ስቱዲዮ ልትከፍቺ ነው። በያዝሽው ገንዘብ ሁለት ዕቃ ቀርቦልሻል። አንዱ ያገለገለ ዎርክስቴሽን፣ ማለትም ለከባድ ሥራ የተሠራ ትልቅ ኮምፒውተር ነው፤ የሰርቨር ፕሮሰሰር፣ ዚዮን ኢ5-2680 ቪ4፣ 14 ኮር (ኮር ማለት ፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚሠራ ክፍል ነው)፣ 64 ጊጋባይት ራም አለው። ሌላው አዲስ ዴስክቶፕ ነው፤ ኮር አይ5-12400፣ 6 ኮር፣ 16 ጊጋባይት ራም። የሚገባላቸው ግራፊክስ ካርድ አንድ ዓይነት ነው። ሻጩ ደግሞ «14 እና 6ን ምን ያወዳድረዋል?» ብሎሻል።

አይ5ቱን ግዢ። ለምን እንደምል ካልነገርኩሽ ግን ሻጩ ነገ ሌላ ቁጥር ይዞ ሲመጣ ትረቺያለሽ፤ እኔም የተረታሁት እንደዚሁ በቁጥር ነው።

2011 ዓ.ም. ነበር። ፒያሳ አካባቢ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ ከአንድ ልጅ ጋር እሠራ ነበር። ጎንደር ውስጥ የእኛ ሥራ መቼ እንደሚጠነክር ታውቂዋለሽ፤ ከጥምቀት ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም መያዣ ሰርግ በሰርግ ላይ ይደራረባል። ለዚያ ጥር ብዬ ያጠራቀምኩትን በሙሉ አውጥቼ ሁለት ዚዮን ኢ5-2670 የተገጠመበት ትልቅ ዎርክስቴሽን ገዛሁ። በእያንዳንዱ 8 ኮር፣ በድምሩ 16 ኮር፤ አንዱ ኮር ሁለት የሥራ መስመር (ትሬድ) ስለሚይዝ 32 ትሬድ። ሲነሳ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል። ሁለት ሰው ነበር ደረጃውን ተሸክሞ ያወጣው፤ እኔም ኩራቴ ለጉድ ነበር።

የመጀመሪያውን ሰርግ ከፈትኩ። በሁለት ካሜራ የተቀረጸ የ4ኬ ምስል ነው። ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ ያለውን ቦታ ልቆርጥ ቪዲዮው የት እንደደረሰ የሚያሳየውን መስመር ስጎትተው ምስሉ ይቆማል፤ ድምፁ ይቀድማል፣ ምስሉ ከኋላ እየተንጠባጠበ ይመጣል። ኮምፒውተሩ ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን የዊንዶውስ ታስክ ማኔጀር ከፈትኩና ግራፉ እያንዳንዱን ትሬድ ለየብቻ እንዲያሳይ አደረግሁት። 32 ትናንሽ ሳጥኖች ተደረደሩ። አራት አምስቱ ጣሪያ ነክተዋል። የቀሩት ከወለሉ ከፍ አላሉም፤ ተኝተዋል። የከፈልኩት ለተኙት ነበር።

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ የራሱን ኮር አይ7-7700 አመጣ። 4 ኮር ብቻ ነው። ያንኑ ፋይል በፍላሽ ወስዶ ያንኑ ቦታ ጎተተው። ሄደ። እየሣቀ እንኳ አልነበረም፤ አዘነልኝ፣ እሱ ነው የበለጠ ያናደደኝ።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። የካሜራ ቪዲዮ ታምቆ ነው የሚቀመጠው፤ አንዱ ምስል ከፊቱና ከኋላው ባለው ላይ ተንተርሶ ነው የሚፈታው። ስለዚህ መስመሩን ወደ መሐል ስትጎትቺ ኮምፒውተሩ ከዚያ በፊት ያሉትን ጥቂት ምስሎች ቀድሞ መፍታት አለበት። የእነዚህ ሁሉ ፕሮሰሰሮች አምራች ኢንቴል ለዚህ ሥራ ብቻ የተሠራ ኩዊክ ሲንክ የሚባል ክፍል እ.ኤ.አ. በ2011 ከወጣው ሁለተኛ ትውልድ ኮር ጀምሮ በዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ውስጥ፣ ከውስጠ ግንብ ግራፊክሱ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ አብሮ ከተሠራው የምስል ክፍል) ጋር አስገብቷል። በኢ5 ዚዮኖች ውስጥ ግን ይህ የለም። ሰርቨር ጓዳ ውስጥ ተቀምጦ መረጃ የሚያቀብል ዕቃ ነው፤ ስክሪንም ቪዲዮም ጉዳዩ አይደለም። በዚያን ጊዜ ደግሞ የምሠራበት ፕሪሚየር የተባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ለእንዲህ ያለው ቪዲዮ ከኩዊክ ሲንክ ውጪ ከግራፊክስ ካርዱ እገዛ አይወስድም ነበር። የልጁ አራት ኮር ረዳት ነበራቸው፤ የእኔ አሥራ ስድስቱ ባዶ እጃቸውን ነበሩ።

ዛሬ ፕሪሚየር የግራፊክስ ካርድንም ይጠቀማል፤ «ታዲያ ችግሩ ተፈታ» ትዪኝ ይሆናል። ካሜራሽን እዪ። አሁን ካሉት አዳዲስ የሰርግ ካሜራዎች ብዙዎቹ ኤች.265 በሚባለው አተማመቅ፣ 10 ቢት 4፡2፡2 በሚባለው ቀለም መቅረጽ ይችላሉ። ይህንን የኢንቪዲያ ካርዶች በራሳቸው መፍታት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው የ50 ተከታታይ ነው። የኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ግን ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ በውስጠ ግንብ ግራፊክሳቸው ይፈቱታል፤ 12400 ደግሞ 12ኛ ትውልድ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በይ፦ 12400ኤፍ የሚባለው ርካሹ ወንድሙ ይህ ግራፊክስ የለውም። ሻጩ «ያው ነው፣ አንዲት ፊደል ናት» ቢልሽ አትመኚው፤ የምትከፍይው ለዚያች ፊደል አለመኖር ነው።

ስለ ኮር ብዛት ደግሞ ልመለስ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? እውነት ነው፤ ግን ሎሚ ስለሆነ ነው። የወፍጮ መጅ ብታመጪ ሃምሳ ሰው ቢከበውም ተሸካሚው አንድ ነው፣ ሌላው ቆሞ ያያል። የኮምፒውተር ሥራም ግማሹ ሎሚ፣ ግማሹ መጅ ነው። ጂን አምዳል የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒውተር መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1967 ይህንኑ በሒሳብ አስቀምጦታል። ለምሳሌ ከሥራሽ ሩቡ የማይከፋፈል ቢሆን ሚሊዮን ኮር ብትደረድሪ ፍጥነትሽ ከአንድ ኮር ከ4 እጥፍ አይዘልም። በዚሁ ስሌት 6 ኮር ወደ 2.7 እጥፍ ያደርስሻል፤ 14 ኮር ወደ 3.3። ኮሩ ከእጥፍ በላይ ጨመረ፣ ትርፉ ግን ያቺ ናት። ያውም አንዱ ኮር ከሌላው እኩል ይሮጣል ብለን ነው፤ አይሮጥም። ዚዮንሽ ቢበዛ 3.3 ጊጋኸርዝ (የኮሩ የሩጫ ልክ ነው) ይደርሳል፣ ሁሉም ኮር ሲሠራ ደግሞ ከዚያ ይወርዳል። 12400 ቢበዛ 4.4 ነው፤ ከስድስት ዓመት በኋላ የተሠራ ስለሆነ በአንድ ጊጋኸርዝ ውስጥ የሚጨርሰው ሥራም ይበልጣል። ሻጩ ያነጻጸረው ራስ ቆጥሮ ነው፤ ጉልበት አልመዘነም።

አሁን ወደ መብራት። እሱን የምጽፈው ንዴቱ እስካሁን ስላለቀቀኝ ነው። በዚያው ጥር ለአንድ ቤተሰብ ቅዳሜ ማታ የሚረከብ ሰርግ ነበረኝ። ኤክስፖርቱ፣ ማለትም ያለቀውን ቪዲዮ አንድ ፋይል አድርጎ ማውጣቱ፣ ተጀምሮ ወደ መጨረሻው ተጠግቶ ሳለ መብራት ሄደ። መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚይዝ ዩፒኤስ ነበረኝ፣ 650 ቪኤ የሚል የተጻፈበት፤ እሱን ተማምኜ ነበር። አንዴ ጮኸና ጸጥ አለ። ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ጠፋ፤ ለአንድ ደቂቃ እንኳ አልያዘም። ቪኤ ማለት ዋት አይደለም፤ 650 ቪኤ ብሎ የሚሸጠው ዩፒኤስ በዋት አብዛኛውን ጊዜ ከ400 በታች ነው። የእኔ ሁለት ፕሮሰሰሮች ሲጠነክሩ ብቻቸውን 230 ዋት ይጎትታሉ (115 በ115)፣ ግራፊክስ ካርዱ 120 ዋት፣ ከዚያ ዲስኩ፣ ፋኑ፣ ስክሪኑ። ዩፒኤሱ መሸከም አልቻለም፣ በራሱ ላይ ዘጋ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ሲሆን የሙሽራው ወንድም በር ላይ ቆሞ ነበር። ምን እንዳለኝ አልጽፍም።

በወረቀት ላይ ያንቺ ሁለት አማራጮች በዚህ ብዙ አይራራቁም፤ ዚዮኑ 120 ዋት፣ 12400 በመደበኛ 65 ሆኖ ሲጨነቅ እስከ 117 ይወጣል። ልዩነቱ ቀኑን ሙሉ ሲቆጠር ነው። አሮጌ ዎርክስቴሽን ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥም ይበላል፤ አይ5ቱ ሥራ ሲያጣ ይረጋጋል። ሙቀቱም አለ። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው፣ ስስ አየር ደግሞ ሙቀት በደንብ አይወስድም። ቆላ ላይ ያለ ጓደኛሽ የማይሰማውን የፋን ጩኸት አንቺ አዘዞ ትሰሚዋለሽ። የትኛውንም ብትገዢ አቧራውን በየወሩ አስነፊ።

የሚበላሽበትንም ቀን አስቢ። የዴስክቶፑ ማዘርቦርድ ቢቃጠል ምትኩን እዚሁ ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ታገኚያለሽ። የዎርክስቴሽኑ ቢቃጠል ፍለጋው አዲስ አበባ ነው፤ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ፣ ያውም ከተገኘ። የታወቁ አምራቾች ዎርክስቴሽኖች ብዙ ጊዜ ማዘርቦርዳቸውም ፓወር ሰፕላያቸውም የራሳቸው ልክ ስለሆነ ከገበያ ያነሳሽው አይገጥምም። ያ የሚያጓጓሽ 64 ጊጋባይት ራምም ቢሆን ዓይነቱ ሬጅስተርድ የሚባለው የሰርቨር ራም ከሆነ፣ እንዲህ ባሉት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ነው፣ ተራ ዴስክቶፕ ላይ አይሠራም። ቦርዱ ሲሞት ራሙም አብሮት ይቀበራል። ለ4ኬ 16 ጊጋባይት ጠባብ መሆኑ ግን እውነት ነው። መፍትሔው ሻጩ ባለ 16 አንድ ራም አድርጎ እንዲያስገባልሽና ሌላ ባዶ ቦታ መኖሩን ማረጋገጥ ነው፤ ከሁለት ሰርግ በኋላ ሌላ 16 ትጨምሪያለሽ፣ ሁለት ሲሆኑም ይፈጥናሉ።

ዊንዶውስንም አትርሺ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ይህን ዚዮን በሚደግፋቸው ዝርዝር ውስጥ አላስገባውም። በዘዴ የሚጭን ሰው ታገኚያለሽ፤ እኔ ግን የደንበኛ ፋይል የሚቀመጥበትን ዕቃ በዘዴ አላሠራም።

ይህን ሁሉ ብዬ የሰርቨር ፕሮሰሰር ቆሻሻ ነው እንዳልል። የእኔን ያን ወፍጮ የገዛኝ የቤት ዲዛይን የሚሠራ ጓደኛዬ ነው። ለደንበኞቹ የሕንፃ ምስል ያወጣል፤ ማታ ሥራውን ሰጥቶት ይተኛል። አንድ ቀን ሄጄ አየሁት፤ 32ቱም ሳጥኖች እስከ አፋቸው ሞልተዋል። የእሱ ሥራ ሎሚ ነው፤ ምስሉ በትናንሽ ካሬ ይቆራረጣል፣ እያንዳንዱ ኮር አንዱን ካሬ ይወስዳል፣ ማንም ማንንም አይጠብቅም። እንደዚሁ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጠቀምበት የክሊኒክ መዝገብ፣ የትምህርት ቤት ሰርቨር፣ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብዙ ኮምፒውተር መስሎ የሚሠራ ነገር ከሆነ ዚዮኑን ምረጡ እላለሁ። እነዚህ ኢሲሲ የሚባለውን፣ የራሱን ስህተት የሚያርም ራም ይቀበላሉ፤ ወር ሙሉ ሳይጠፋ ለሚሠራ ዕቃ እሱ ቀላል ነገር አይደለም። ስቱዲዮሽ ግን ማታ ይዘጋል፣ ተጠቃሚዋም አንቺ ብቻ ነሽ።

ምክሬን ትተሽ ዚዮኑን የምትገዢ ከሆነ ቢያንስ ከስሙ በስተኋላ ያለችውን ቪ ጠይቂ። ኢ5-2680 አራት ነው፦ ያለ ቪ የሆነው የ2012ቱ 8 ኮር፣ ቪ2 10 ኮር፣ ቪ3 12፣ ቪ4 14። ዓመቱ በፈረንጅ ነው። «2680 ነው» ብሎ የመጀመሪያውን የሚሸጥ አጋጥሞኛል። ፕሮሰሰሩ የብረት ክዳን ላይ «ኢንቴል ኮንፊደንሻል» የሚል ጽሑፍ ካለ ደግሞ ለሙከራ የተሠራ ናሙና ስለሆነ ተዪው።

ከመክፈልሽ በፊት የራስሽን ካሜራ ፋይል፣ ሻጩ ያዘጋጀውን ሳይሆን የራስሽን፣ አምስት ደቂቃ ያህል በፍላሽ ይዘሽ ሂጂ። በሁለቱም ላይ ክፈቺው፣ መሐሉ ላይ መስመሩን ወዲያና ወዲህ ጎትቺ፣ ታስክ ማኔጀሩን ከጎኑ ክፈቺ። ሻጩ ለማስከፈት ካልፈቀደ ከሱቁ ውጪ። ከፈቀደ ደግሞ የሳጥኖቹን ፎቶ አንስተሽ እዚህ ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን።