«ኪያሪ» ለእናቴ እንዴት ላስረዳ?

ጥያቄ፦ ሳል ሲነሣብኝ ማጅራቴን ስለሚያመኝ ኤምአርአይ ተነሣሁ፤ ውጤቱ «ኪያሪ አንድ፣ 7 ሚሊ ሜትር» ይላል። እናቴ «ዕጢ ነው ወይ?» ብትለኝ ምን ልመልስላት?

መልስ፦ ዕጢ አይደለም። በ1891 እ.ኤ.አ. ሁኔታውን በገለጸው በሐኪሙ ሐንስ ኪያሪ ስም የሚጠራው ይህ ችግር፣ የትንሹ አንጎል የታችኛው ጫፍ ከራስ ቅል ሥር ባለው ቀዳዳ በኩል ወደ አንገት መውረዱ ነው። ለእናትዎ በጀበና አፍ ላይ ጠብቆ የተወተፈ ውትፍ ቢሉ ይገባቸዋል፤ በአንጎልና በኅብለ ሠረሰር ዙሪያ ያለው ፈሳሽ እንደ ልብ ስለማይተላለፍ፣ ሲያስሉ ወይም ሲያምጡ ግፊቱ ጨምሮ ሕመሙ ይነሣል። ብዙውን ጊዜ ጫፉ 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲወርድ ይህ ስም ቢሰጠውም፣ ቁጥሩ ብቻውን የሕመሙን ክብደት አይናገርም። ሐኪምዎን አስቀድመው መጠየቅ ያለብዎት በኅብለ ሠረሰሩ ውስጥ ፈሳሽ መጠራቀም አለመጠራቀሙን ነው። የትኩስ ሲኒ ሙቀት ለጣትዎ ካልተሰማው፣ መዋጥ ካስቸገረዎት ወይም እግርዎ ከከዳዎት ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይሂዱ።