ክረምት ተማሪ፣ በጋ መረጃ ሰብሳቢ

ጥያቄ፦ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በትምህርት አመራርና አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ በክረምት መርሐ ግብር መማር አስቤያለሁ። ባልደረቦቼ «መጀመሪያ የትምህርት ቤት አመራር ዲፕሎማውን መያዝ አለብሽ» ይሉኛል። እውነት ነው? ምን ምን ሰነድ ላዘጋጅ?
መምህርት፣ ከሐይቅ

መልስ፦ እህታችን፣ ሁለቱን አያምታቷቸው። ፒጂዲኤስኤል የሚባለው የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ርዕሳነ መምህራንንና ሱፐርቫይዘሮችን ለሥራው ያሠለጥናል። ሁለተኛ ዲግሪው ኮርስ ጨርሶ፣ ጥናት ጽፎ ዲፌንስ መቆምን፣ ማለትም ጥናቱን በፈታኞች ፊት መከላከልን፣ ይጠይቃል። ሐሳብዎ የርዕሰ መምህርነት ወንበር ብቻ ከሆነ ዲፕሎማው ያጥርልዎታል።

ለዲግሪው መጀመሪያ የሚጠብቅዎ ብሔራዊው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ነው፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ፈተናውን አልፎ በወረቀት የሚሰናከል ሰው ግን ብዙ ነው። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት የሚባለው የተማሩበት ዩኒቨርሲቲ አሽጎ በቀጥታ የሚልከው እንጂ በእጅዎ ያለው ኮፒ አይደለም። የወጪ መጋራት ዕዳ ካለብዎ ሬጅስትራሩ አይልክልዎትም። ስለዚህ ጉዳዩን ከሚያዝያ ይጀምሩት፤ ሰኔ ላይ ሁሉም ይሰለፋል። የስፖንሰር ደብዳቤም ከርዕሰ መምህርዎ ሳይሆን ደመወዝዎን ከሚከፍለው ከወረዳው ቢወጣ ይሻላል። በመጨረሻ፣ የስምዎ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ በዲግሪዎና በመታወቂያዎ ላይ አንድ መሆኑን ፊደል በፊደል ያመሳክሩ።

ጥያቄ፦ የክረምት ተማሪ ነኝ። «በሰሜን ወሎ ዞን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የርዕሳነ መምህራን አመራር በተማሪዎች ውጤት ላይ ያለው ተጽዕኖ» የሚለውን ርዕሴን አማካሪዬ ሁለት ጊዜ መለሰብኝ። ምን አጠፋሁ? ስንት መምህር ልጠይቅ?
መምህር፣ ከመርሳ

መልስ፦ ወንድማችን፣ አማካሪዎ አልተሳሳቱም። ከቆቦ እስከ መቄት ያለውን አገር በአንድ መምህር ኪስና በአንድ በጋ ማዳረስ አይቻልም። «ተጽዕኖ» ያሉትን ለማሳየት ደግሞ የበርካታ ዓመታት የተማሪ ውጤት ያስፈልግዎታል፤ በ2013 እና በ2014ቱ ጦርነት ሮስተራቸው (የተማሪ ውጤት መዝገባቸው) እና ፋይላቸው የጠፋባቸው ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው። ርዕስ ከመቁረጥዎ በፊት መረጃው የት እንዳለ በአካል ሄደው ይዩ። ትምህርት ቤቱ ያጣውን የኢንስፔክሽን (የትምህርት ቤት ደረጃ ምዘና) ሪፖርት ወይም የስታትስቲክስ ቅጽ ወረዳው ወይም ዞኑ ቅጂውን ይዞት ሊሆን ይችላል። ለእርስዎ ሀብሩ ወረዳ ይበቃል፤ ርዕሱንም በትምህርት ቤት ውስጥ ያለው የክፍል ምልከታና ሱፐርቪዥን እንዴት እንደሚካሄድ ወደሚል ቢያወርዱት ዛሬ ያሉትን መምህራን ጠይቀው ይጨርሱታል።

የናሙናውን ነገር በቁጥር እንየው። የመረጧቸው ትምህርት ቤቶች በድምሩ 240 መምህራን አሏቸው እንበል። የናሙናን ብዛት ለማስላት በተለመደው የያማኔ ቀመር፣ በ5 ከመቶ የስህተት መጠን፣ 240ን ለ1.6 ያካፍላሉ፤ 1.6 የሚመጣው 240ን በ0.0025 አባዝተው 1 ሲደምሩበት ነው። ናሙናዎ 150 ይሆናል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ 150ን ለትምህርት ቤቶቹ እኩል ያካፍልና ይሳሳታል። 64 መምህራን ካሉበት 40፣ 40 ካሉበት 25 ይውሰዱ። የማይመለስ ወረቀት አይጠፋምና መጠይቁን በ165 ቅጂ ያባዙ።

ርዕሳነ መምህራንን በመጠይቅ አይያዟቸው። ስድስት ወይም ሰባት ሰዎች ለቲ ቴስት (የሁለት ቡድኖችን አማካይ ለሚያነጻጽረው ስሌት) አይበቁም፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ የሚሞላም ጥቂት ነው። ቃለ መጠይቅ ያድርጉላቸው። የመምህራኑን ወረቀትም ርዕሰ መምህሩ እንዳይሰበስብ፤ የሥራ አፈጻጸሙን የሚሞላለት ሰው ያየዋል ብሎ የሚሰጋ መምህር ከላይ እስከ ታች 4 («እስማማለሁ») ላይ አክብቦ ይመልስልዎታል። ፖስታ አብረው ይስጡ፣ ታሽጎም ይመለስ።

መጠይቁን በአማርኛ ያዘጋጁና ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ይተርጉምልዎት፤ ትርጉሙ የት እንደተዛባ የሚታየው ያኔ ነው። ከዚያ ናሙናዎ ውስጥ በሌለ ትምህርት ቤት 20 እስከ 30 መምህራን ላይ ይሞክሩት። የክሮንባክ አልፋ (ጥያቄዎቹ ምን ያህል እርስ በርስ እንደሚስማሙ የሚለካው ቁጥር) ከ0.70 በታች ቢመጣ ጥያቄ ለመሰረዝ አይቸኩሉ። «ርዕሰ መምህሩ ክፍል ገብቶ አያይም» የሚል የአሉታ ጥያቄ ነጥቡ ሳይገለበጥ (5ቱ 1፣ 4ቱ 2 ሳይደረግ) ገብቶ እንደሆነ መጀመሪያ ያጣሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ እሱ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር፤ የክረምት ተማሪን ዓመት የሚያስደግመው ይሄ ነው። እርስዎ ግቢ ሲገቡ ትምህርት ቤት ይዘጋል። ፕሮፖዛልዎ ነሐሴ ላይ ካልጸደቀ፣ ከዲፓርትመንቱ ለዞንና ለወረዳ የሚጻፈውን የትብብር ደብዳቤ ሳይዙ ይመለሱና በጋው ያመልጥዎታል። ደብዳቤውን ይዘው ይውጡ፣ መረጃውን ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይሰብስቡ፤ ጥር የፈተናና የማርክ ወር ነው። (ባቲ አካባቢ ለምታጠኑ፦ የተማሪ መጠይቅ ሰኞ አትያዙ። ገበያው ክፍሉን ያሳሳዋል።)

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤታችን በኢንስፔክሽን ደረጃ 2 ነው። የአመራር ብቃትን ከደረጃው ጋር ላነጻጽር ብዬ ነበር፤ ይሆናል?
ምክትል ርዕሰ መምህር፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ደረጃውን ትተው የመቶኛ ውጤቱን ይውሰዱ። ደረጃ 2 ከ50 እስከ 70 ሊደርስ ጥቂት የቀረውን ስለሚይዝ፣ 51 ያገኘና 69 ያገኘ ትምህርት ቤት በጥናትዎ አንድ ይሆናሉ። ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው፤ ኢንስፔክሽኑ ራሱ የትምህርት ቤቱን አመራር ይመዝናል። ጠቅላላውን ውጤት ከአመራር ጋር ካነጻጸሩ አመራርን ከራሱ ጋር እያነጻጸሩ ነው፤ ዝምድናው ጠንካራ ሆኖ ይወጣል፣ ፈታኙም ይህንኑ ይጠይቅዎታል። የአመራር ስታንዳርዶቹን ነጥብ ከድምሩ ቀንሰው በቀረው ይሥሩ።