ቤት መቀየርና የልጅ ልደት በአንድ ሳምንት ሲገጥሙ

ቤት የምትቀይሩበት ቀን ትንሿ ልጅዎ 4 ዓመት ከሚሞላት ሳምንት ጋር መግጠሙን፣ የ9 ዓመቱ ወንድሟም «አልሄድም» ማለቱን ጠቅሰው፣ ልደቱ ይተላለፍ ወይ፣ ዕቃ በሚጫንበት ቀንስ ልጆቹ የት ይዋሉ ብለው ጠይቀዋል። እኛም ልጆች ይዘን ከአንድ ጊዜ በላይ ቤት ቀይረናል፤ አንዱም ከልጅ ልደት ጋር የተደራረበ ስለነበር ያየሁትን ልንገርዎት።

ልደቱን አያስተላልፉት፤ ብቻ አነስ ያድርጉት። በ4 ዓመቷ «የሚቀጥለው ወር» የሚባለው ነገር ገና አይጨበጥላትም፤ የሚገባት የተነገራት ቀን መጥቶ ልደቷ አለመከበሩ ነው፤ ምክንያቱን ስትጠይቅም መልሱ አዲሱ ቤት ይሆናል። በአዲሱ ቤት የመጀመሪያው ደስታ የእርሷ ልደት ከሆነ ግን ቤቱን ከራሷ ጋር አያይዛ ትለምደዋለች። የእኛ ልጅ ካርቶን በተደረደረበት ክፍል ሻማዋን ካጠፋች በኋላ ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ «ልደቴ የተከበረበት ክፍል» እያለች ታሳይ ነበር። አንድ ክፍል ብቻ ያጽዱ፤ ቤተሰቡና እርሷ የምትወዳቸው አንድ ሁለት ሰዎች ይበቃሉ፤ ሰዓቱም ከቀን እንቅልፏ በኋላ ይሁን። ሻማውን፣ ክብሪቱን፣ ማስጌጫውንና ስጦታውን በአንድ ካርቶን አድርገው ጭነት መኪናው ላይ ሳይሆን በእጅዎ ይያዙት። ፊኛ ከተጠቀሙ ያልተነፋውንና የፈነዳውን ቁራጭ ወዲያው ይልቀሙ፤ ከ8 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ሊያንቅ ይችላልና፣ ዕቃ በተዝረከረከበት ወለል ላይ ደግሞ በቀላሉ ከዓይን ይሰወራል። ጓደኞቿን መጥራት የሚፈልጉ ከሆነ ቤቱ ከተደላደለ በኋላ እንደ ተጨማሪ ደስታ ያድርጉት።

የልጆቹ ክፍል በመጨረሻ ይታሸግ፣ በመጨረሻም ይጫን፤ እንዲህ ከሆነ ሲራገፍ ቀድሞ ይወርዳል፣ የመጀመሪያዋም ሌሊት በራሳቸው አልጋ ታልፋለች። ታቅፋው የምትተኛውን ብርድ ልብስ ወይም አሻንጉሊት አያሽጉት፤ የለመደችው ሽታ እንዲቆይም በዚያ ሳምንት አይጠቡት። የመኝታ ሥርዓቱ በሰዓትም በቅደም ተከተልም እንደ ቀድሞው ይቀጥል። ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆች የቀኑን ጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋቸዋል፤ በዝውውር ሰሞን የምናየው ብዙ ልቅሶም ከመሞላቀቅ ሳይሆን ከእንቅልፍ ማጣት የሚመጣ ነው። አልጋ ላይ መሽናት ቢመለስባትም አይቆጧት፤ ስትረጋጋ አብዛኛውን ጊዜ ይተዋታል።

የታላቁ ነገር ግን ሌላ ነው፣ የበለጠ የሚያሳስበኝም እርሱ ነው። እርሱ የሚያጣውን በደንብ ያውቃል፤ ስለዚህ «እዚያ የተሻለ ጓደኛ ታገኛለህ» የሚለው ማጽናኛ ኀዘኑን እንደ ማቃለል ይሰማዋል። ማዘኑ ተገቢ መሆኑን በግልጽ ይንገሩት፤ ጓደኞቹን በወጉ የሚሰናበትበት ጊዜ ይስጡት፤ ከመካከላቸው ከማን ጋር መቼ እንደሚገናኝም ከመሄዳችሁ በፊት ይወሰን። መሄድ አለመሄዱን መምረጥ ባይችልም አልጋው በየትኛው በኩል እንደሚቆም፣ ግድግዳው ላይ ምን እንደሚሰቀል መወሰን ይችላል፤ ውሳኔውንም ያክብሩለት፣ ለእናንተ ባይመቻችሁም እንኳ። የሚቻል ከሆነ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ወደ አዲሱ ትምህርት ቤት የሚወስደውን መንገድ አብረውት ይሂዱበት።

ዕቃው በሚጫንበት ዕለት ትንሿ ከምታውቀው ሰው ጋር ትዋል፤ ታላቁ ከፈለገ የካርቶኖቹን ቁጥር እየመዘገበ አብሯችሁ ይሁን። ጭነቱ ሲያልቅ ግን ሳትመለስ እንዳትቀር፤ ባዶውን ቤት በዓይኗ አይታ፣ ክፍሎቹን ዞራ ተሰናብታ፣ ከእናንተ ጋር ትውጣ። ሙሉ ቤት ትታ የሄደች ልጅ ዕቃዎቿ እዚያው ያሉ መስሏት «ወደ ቤታችን እንሂድ» እያለች ልትጠይቅ ትችላለችና።

በአዲሱ ቤት ከጌጡ ሁሉ በፊት የሚቀድም አንድ ሥራ አለ፤ ቁም ሳጥኑና የመጽሐፍ መደርደሪያው ልጅ ቢንጠለጠልባቸው እንዳይወድቁ ከግድግዳ ጋር ይታሰሩ፤ መድኃኒትና የጽዳት ኬሚካልም ለጊዜው ብላችሁ እንኳ ወለል ላይ አታስቀምጡ። ለዚህም መሰርሰሪያውና ብሎኖቹ በእጅ ከሚያዙት ዕቃዎች ጋር ይሁኑ።